ያለ ካስማ የተቆፈረ ጉድጓድ

መስከረም 12

ይድረስ ለእትዬ፣ ለአጎቴ ልጅ፣ ለመቃብሩ ጠባቂ፤

ይህ ወረቀት በጤና ያግኝሽ። ወገብሽ ተሻለው ወይ? እኔ ከብርዱና ከአለቃዬ በቀር የሚያስቸግረኝ የለም፤ ሁለቱም ሳያንኳኩ ነው የሚገቡት። አሁንም እዚህ ባሕር ማዶ፣ ያው ሥጋ ፋብሪካ ውስጥ ነኝ። ከእርድ ቤቱ ወደ መቁረጫው አዛውረውኛል። ግማሽ በሬ በመንጠቆ ተንጠልጥሎ ይመጣል፤ ትከሻውን ከጎድኑ ለይቼ አሳልፋለሁ፤ ሌላው ይመጣል። ማደሪያዬም ያው ነው። ክፍሉን ለአራት ተከራይተነዋል፤ አንዱ ያንኮራፋል፣ አንዱ ይጸልያል፣ አንዱ ያለቅሳል፣ እኔ መሃል ተኝቼ ሦስቱንም እሰማለሁ።

አባቴን በወጉ ስላሳረፍሽልኝ እስካሁን በቅጡ አላመሰገንኩሽም። ባለመድረሴ የሚቆጨኝ ቢሆንም፣ አፈሩን ያለበስሽው አንቺ መሆንሽን ሳስብ ልቤ ያርፋል። ጠባቂው ባልሽ ሲሞት የመንደሩ ኮሚቴ የመቃብሩን ቁልፍ ለአንቺ ሲሰጥ «ሴት መቃብር ትጠብቃለች ወይ?» ያሉትን ሰዎች አልረሳም። አሁን ያለ አንቺ ካስማ አንድ ሰው አካፋ አይሰነዝርም አሉ። ደስ ይለኛል።

ታናሽ ወንድሜ የአባቴን የመቃብር ድንጋይ ጠርቦ ሊጨርስ ነው። ፊደሉን እንዳያበዛው ንገሪው፤ ስምና «አባታችን» ይበቃል። እሱ ግን በላከልኝ ደብዳቤ ላይ ከድንጋዩ ይልቅ ስለ ወፍጮ ቤት ሰዎች ነው ያወራው። ሽማግሌው ባለወፍጮ ታሟልና ልጆቹ ከአባቴ ጎን ያለውን ቦታ እየዞሩ ያያሉ ብሎኛል። ሰው ሳይሞት መሬት ይለካል እንዴ? ታናሼን ታውቂዋለሽ፤ ዝም ይላል፣ ዝም ይላል፣ ከዚያ አንድ ቀን ይፈነዳል። እኔ ችኩል ተባልኩ እንጂ የሚያስፈራው እሱ ነው። እባክሽ ያዥልኝ።

ልጅሽ ሎጋውስ? ቁመቱ ቆመ ወይስ አሁንም ይጨምራል? ጉድጓድ ሲቆፍር ከጭንቅላቱ ሌላ የሚታይ እንዳለው ጻፊልኝ። ከታናሼ ጋር አንድ ሳህን ላይ መብላታቸውን እንዳልተዉ ተስፋ አደርጋለሁ።

ታናሽሽ፣ ችኩሉ

ኅዳር 3

ለምወድህ ለአጎቴ ልጅ፤

ፈጣሪ ባለህበት ይጠብቅህ፤ እግርህን ከእንቅፋት፣ እጅህን ከስለት ያውጣልህ። መልስ የዘገየብህ ረስቼህ አይደለም፤ ብዕሩ እምቢ ብሎኝ ነው። እባክህ ቆመህ አታንብበው፤ ተቀመጥ።

ታናሽህ የለም። ሞቷል፤ ቀብሬዋለሁ። መርዶ በወረቀት አይነገርም ይባላል፤ ግን ቤትህ ድረስ መጥቶ አጠገብህ ተቀምጦ የሚነግርህ ዘመድ እዚያ የለህም። ሌላ ሰው አጣምሞ ከሚነግርህ እኔው ልጻፍልህ።

ሽማግሌው ባለወፍጮ ሞተ። ከታችኛው ረድፍ ቦታ ሰጠሁት፤ ካስማ ተከልኩ፣ ገመድ ወጠርኩ፣ ለልጆቹ አሳየሁ። ከአባትህ ጎን ያልሰጠሁት ለወገን ብዬ አይደለም። ያባትህ አፈር ገና አልጠናም፤ አንድ ክረምት ሳያልፍበት አጠገቡ ጉድጓድ ከተከፈተ ግድግዳው ይናዳል። ይህንንም ነገርኳቸው። እነሱ ግን የታችኛው ረድፍ ውሃ ያቋጥራል፣ አባታችንን ውሃ ውስጥ አንነክርም አሉ። መሬቱን ለመንደሩ የሰጠው አያታችን ነው አሉ። የታናሽህ ጓደኞች ድንጋይ ጠራቢዎቹም እዚያው ነበሩ፤ አጥሩን የገነባነው እኛ ነን ብለው መለሱ። ነገሩ እዚያ ላይ በረደ፤ የበረደ መሰለኝ።

የሣጥን ማውረጃው ገመድ አርጅቶ ስለነበር ልገዛ ከተማ ወረድኩ። እኔ ስሄድ ገብተው ከአባትህ ጎን ቆፈሩ። እንደፈራሁት ግድግዳው ተናደ፤ የአንዱ አካፋ ያባትህን ሣጥን ሰነጠቀው። ታናሽህ ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ እየጠረበ ነበር። ሰው ሮጦ ነገረው። መጥቶ የተሰነጠቀውን ሳንቃ አየ፤ ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ ሳንቃውን በጀርባው ሸፍኖ ቆመ። ውጣ ሲሉት «አልወጣም። አባታችሁን ስታወርዱ እኔ ላይ አውርዱት» አላቸው።

የወፍጮ ቤቱ ትልቁ ልጅ ሊጎትተው ወረደ። ከዚያ ማን ማንን እንደያዘ አይለይም። የታናሽህ የሥራ ጓደኛ ቀዩ ጠራቢዎቹን ይዞ ደረሰ፤ መዶሻ የያዘ አለ፣ ድንጋይ የያዘ አለ። ልጄ ሎጋውም ከመሣሪያ ቤቱ ሮጦ ገባ። እኔ ገመዱን ትከሻዬ ላይ አድርጌ በሩ ጋ ስደርስ አቧራውንና ጩኸቱን ነው ያገኘሁት። በክርን እየገፋሁ ገባሁ። ሁሉም ከጉድጓዱ ሸሽቶ ከላይ ቆሞ ነበር። ታናሽህ ራሱን ያባቱ ሣጥን ላይ አድርጎ ተኝቷል። ከጆሮው በላይ በአካፋ ጠርዝ ተመትቷል። ወርጄ አቀፍኩት። ዓይኑ ያየኛል፤ አፉ ግን አልሠራለትም። እቅፌ ውስጥ ነው ያለፈው።

ማን እንደመታው አልታወቀም።

ጉድጓዱን አስተካክዬ፣ ያባትህን ሳንቃ ጠግኜ፣ ታናሽህን እዚያው ጎኑ አስተኛሁት። ባለወፍጮውን ፖሊስ ቆሞ በታችኛው ረድፍ ቀበርነው። አልቅስ፤ አታምቀው።

እትዬህ

ኅዳር 29

ለእትዬ፤

ሰላምታ ልጽፍ ብዬ አልመጣልኝም፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሁሉንም ነግረሽኛል። የአፈሩን ጠባይ፣ የገመዱን እርጅና፣ የቆመበትን፣ የተናገረውን። ከዚያ አንድ መስመር፦ ማን እንደመታው አልታወቀም። እትዬ፣ ያ ሁሉ ሰው አፉን ከፍቶ ጉድጓዱን እያየ ነበር። መሬት ውስጥ የሚሄደው ሥር ከየትኛው ዛፍ እንደመጣ የምታውቂ ሰው አልታወቀም ስትዪኝ ምን ልበል?

ሥራ ቦታ ያለውንም ልንገርሽ። ከጎኔ የሚቆርጠው ሰውዬ ፊቴን አይቶ «ምነው፣ በሬው ዘመድህ ነው?» ብሎ ሳቀ። አያውቅም፤ ማንም አልነገረውም። መታሁት። በጡጫ ነው የመታሁት። ቢላዋው ቀኝ እጄ ላይ ነበር፤ መቼ እንዳስቀመጥኩት አላስታውስም፤ ያስፈራኝ ይሄ ነው። ሁለት ጥርሱ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ በውሃ ቱቦ ከሌላው ደም ጋር ታጥቦ ሄደ። አለቃው ከደሞዜ ቆርጦ ወደ ማቀዝቀዣው ክፍል ጣለኝ። አሁን ከማንም ጋር አልሠራም። ከተሰቀለ ሥጋ ጋር ነው የምውለው፤ ሥጋ አይቀልድም።

ለታናሼ ድንጋይ የሚሆን ገንዘብ ልልክ አስቤ ነበር፤ ድንጋዩ ይቆይ። አሁን የምፈልገው ስም ነው። የወፍጮ ቤቱ ትልቁ ልጅ መጀመሪያ ወረደ ብለሻል። እሱ ነው? አዎ ወይም አይደለም በዪኝ።

ሎጋውም እዚያ ነበር ብለሻል። እሱ አይዋሸኝም፤ በእቅፌ ያደገ ልጅ ነው። በገዛ እጁ ይጻፍልኝ።

ታናሽሽ

ጥር 21

ለምወድህ ወንድሜ፤

የተሰበረ ልብህን የሠራው ይጠግንልህ። ስለዚያ ሰውዬ ጥርስ ያነበብኩ ቀን አምላኬን አመሰገንኩ፤ ቢላዋው ስለወረደ። እባክህ ሁልጊዜ እንዲሁ ይውረድልህ።

ስለዚህ አገር ምን ልበልህ? ፖሊስ ከሁለቱም ወገን ሰዎች ወስዶ ለቀቀ። ሁሉም «አቧራ ነበር» አለ። ጠራቢዎቹ ወፍጮ ቤቱ እህል መውሰድ ትተው ወዲያ ማዶ ድረስ ይሸከማሉ። አንድ ማለዳ የወፍጮ ቤቱ መስኮት በድንጋይ ወርዶ ተገኘ። በማግስቱ የጠራቢዎቹ ዳስ ተቃጠለ፤ ያባትህ ድንጋይ ውስጡ ነበር፣ በሙቀቱ ሁለት ቦታ ተሰነጠቀ። የቀዩን ታናሽ ገበያ መሃል ይዘው ክንዱን ሰበሩት። ጠራቢዎቹም በበኩላቸው የወፍጮ ቤቱን ጋሪ ነጂ ከጋሪው አውርደው በገዛ ጅራፉ ገረፉት።

ሰው መሞቱን አልተወም። ያለፈው ሳምንት አንዲት ምስኪን ልብስ ሰፊ ቀበርን። የማንም ወገን አይደለችም፤ የሁለቱንም ልብስ ስትጠግን የኖረች ናት። አንዱ ወገን በግራ፣ ሌላው በቀኝ ቆመ። አፈር ሲመለስ እንኳ ዓይናቸው አፈሩ ላይ አልነበረም። እኔ መሃል ቆሜ፣ አካፋ የሚይዙት የእኔ ሰዎች ብቻ ናቸው፣ ሌላው እጁን ባዶ አድርጎ ይግባ ብዬ በር ላይ እፈትሻለሁ። ቀባሪ መሆኔ ቀርቶ ዘበኛ ሆኛለሁ።

ሎጋው እንዲጽፍልህ ጠይቀሃል። እጁ በዚያን ቀን ተጎድቶ ስለነበር አልቻለም። አሁን ተሽሎታል፤ ግን አይጽፍም። ከሰው ጋር አይውልም፤ እህልም በደንብ አይቀምስም። ሳህኑን ሳቀርብለት ትንሽ ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ለሌላ ሰው ቦታ ይተዋል። አታስጨንቀው።

የወፍጮ ቤቱን ልጅ በተመለከተ መንደሩ ሁሉ እሱ ነው ይላል። የሚሉትም መጀመሪያ ስለወረደ ነው እንጂ ሲመታ ያየ የለም። ላም ባልዋለበት ኩበት አይለቀምም። አዎ ወይም አይደለም በዪኝ ብለኸኛል። እሱ አይደለም ብልህ ታምነኛለህ? ከየት አወቅሽ ሳትለኝ ብታምነኝ ምን ነበር?

ስለ እኔ ስትል ተወው። ለፍርድ ተወው፤ ለፈጣሪ ተወው። ለማንም ብትተወው ግድ የለኝም፤ ብቻ ከእጅህ ይውጣ።

እትዬህ

የካቲት 17

ለእትዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ።

አነበብኩት። እሱ አይደለም ብለሽ አልጻፍሽም፤ እሱ አይደለም ብልህ ታምነኛለህ ብለሽ ነው የጻፍሽው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ወፍጮ ቤቶቹ ያስፈራሩሽ ይሆናል፤ በር ላይ ብቻሽን የምትቆሚ ሰው ነሽና አልፈርድብሽም። ስለዚህ ከእንግዲህ ስሙን አልጠይቅሽም።

ለቀዩ ጽፌለታለሁ። ለታናሼ ድንጋይ ያሰብኩትንም ለእሱ ልኬዋለሁ። ስለዚህ ጉዳይ ከአንቺ ጋር ሌላ ነገር የለኝም።

ለሎጋው ሰላም በዪልኝ። ሳህኑን ይጨርስ በዪው።

ታናሽሽ

ሚያዝያ 23

ለአጎቴ ልጅ፤

ምርቃቱ ለሌላ ጊዜ ይቆየን።

የወፍጮ ቤቱ ትልቁ ልጅ ተገድሏል። ጠዋት ላይ ወፍጮው እየሠራ፣ ሴቶች እህል ይዘው ተሰልፈው ሳለ፣ ቀዩ ሁለት ሰው አስከትሎ ገባ። ወፍጮው ስለሚጮህ የሚሉትን ማንም አልሰማም። አንገቱን ይዘው ወደ መንገዱ አወጡት። በመዶሻ እጀታ ነበር የሚመቱት፤ መጀመሪያ አንዱን ጉልበቱን፣ ቀጥሎ ሌላውን። አልነካሁትም እያለ በክንዱ ይጎተት ነበር አሉ። ሴቶቹ ጮሁ፤ አንዷ እህሏን የቀዩ ዓይን ላይ በተነችበት፤ አላቆመም። እናቱ ከጓሮ ስትደርስ አልቆ ነበር። ለቀብር ሲያመጡልኝ ዱቄቱና ደሙ ተለውሶ ፊቱ ላይ እንደ ጭቃ ደርቋል። አብረን ያጠብነው እናቱ ባለወፍጮዋና እኔ ነን። ውሃ ጨምሪ እንኳ በእጇ ነው ያለችኝ።

ጉድጓዱን ሎጋው ብቻውን ቆፈረው። ላግዝህ ያለውን ሁሉ መለሰ። ከታች ከሟቹ አባት ጎን ነው፤ ውሃው እንዳይነካው ስር ድረስ ጠጠር አልብሶ ሠራው። ሲጨርስ እጁ ተልጦ ነበር።

በቀብሩ ቀን ሣጥኑ በገመድ ላይ ሳለ፣ ሎጋው ያዙልኝ ብሎ ገመዱን ለሌላ ሰጠና ከጉድጓዱ ጫፍ ቆመ። ልሄድበት ስል በእጁ ከለከለኝ።

«ድንጋይ ጠራቢውን የገደልኩት እኔ ነኝ» አለ። «ይሄ ሰው ጎትቶ ሊያወጣው ሲታገል፣ እሱን ልመታ ብዬ አካፋ ሰነዘርኩ። ዞር አለብኝ፤ ወንድሜን አገኘሁት። ይሄ ሰው አልነካውም። እኔ ዝም ስላልኩ ነው የሞተው።»

ከዚያ የሟቹ ወንድም ዘለለበት። ቀጥሎ ሌሎቹ። አጥሩ አጠገብ የቆሙት ጠራቢዎችም መጡ፤ እነሱም የእነሱን ሰው ሊበቀሉ፤ ሁለቱ ወገን ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ላይ ሆነው ልጄን መቱት። እጁን አላነሳም። እኔ ላዩ ላይ ወደቅኩ፤ ጎትተው ጣሉኝ፤ ሁለት የጎን አጥንቴ ተሰብሯል። አንዱ በድንጋይ ዓይኑን መታው። ሲፈስ አይቼዋለሁ።

ያስቆመችው ባለወፍጮዋ ናት። በመሃላቸው አልፋ ገብታ ከሎጋው ራስ አጠገብ ተቀመጠች፤ መሬት ላይ። የራሷ ልጅ ዱላውን አየር ላይ እንደያዘ ቀረ። «ዛሬ የመጣሁት ልጄን ልቀብር ነው» አለች። «ሣጥኑን ያዙ፤ እጃቸው የዛለ ሰዎች አሉ።» እውነትም ገመዱን የያዙት እየተንቀጠቀጡ ነበር። ሄደው ያዙ። ቀበርነው። ሎጋውን ከዚያ በኋላ ፖሊስ ወደ ሐኪም ቤት ወሰደው። ግራ ዓይኑ ጠፍቷል። ከዚያ ወደ እስር ቤት አዛወሩት፤ ራሱ ነው ቃሉን የሰጠው።

አሁን የእኔን። እኔ አውቅ ነበር። በዚያው ቀን፣ የታናሽህ ደም ቀሚሴ ላይ ሳይደርቅ፣ ሎጋው መሣሪያ ቤት ተቀምጦ «እማ፣ እኔ ነኝ» አለኝ። ለፖሊስ ልናገር ሲል በሩን ዘግቼ የቆምኩት እኔ ነኝ። አንድ ልጅ ነው ያለኝ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ለአንተ ስጽፍ እሱ አይደለም የምትለዋን ቃል ስንት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩ። ከየት አወቅሽ እንዳትለኝ ፈራሁ። ያቺን ቃል ብጽፋት የባለወፍጮዋ ልጅ ዛሬ እህል ይፈጭ ነበር።

ቀዩ ተይዟል። ማን አዘዘህ ሲሉት «የራሴ ሆድ ነው» ብሏል። ሚስቱ ግን እኔ ዘንድ መጥታ የላክህለትን ገንዘብ ጠረጴዛዬ ላይ ጥላ ሄደች። አልነካሁትም።

የአጎትህ ልጅ

ሰኔ 30

ለእትዬ፤

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ስጽፍ ነው የቆየሁት፤ የጻፍኩትን ብታዪ ግን ጨርሶ ባላወቅሽኝ ነበር። ለሎጋው ጻፍኩ፤ ቀደድኩት። ለአንቺ ጻፍኩ፤ የባሰ ነበር። እርግማን ሁሉ ውስጡ ነበር፤ ማሕፀንሽን ሁሉ ረግሜያለሁ። አብሮኝ የሚኖረው ጸሎተኛው ሰውዬ ወረቀቱን ከእጄ ነጥቆ ምድጃ ውስጥ ከተተው። ልመታው ተነሳሁ። «ምታኝ፣ ግን ደግመህ አትጻፈው» አለኝ። ተቀመጥኩ።

ሎጋውን ይቅር ብዬዋለሁ ብዬ ልጽፍልሽ ፈልጌ ነበር። ውሸት ይሆናል። ታናሼን ሳስበው የሚመጣብኝ የሎጋው ረጅም እጅ ነው። ግን አንድ ነገር አለ፤ እሱ የሳተው በእጁ ነው። የእኔ እጅ አልሳተም።

ለቀዩ የጻፍኩለት ደብዳቤ አጭር ነው። ቃል በቃል ይሄ ነው፦ «ወንድሜ ተኝቶ እሱ አይፍጭ።» ግደለው አላልኩም። ይህንን ለራሴ ምን ያህል ጊዜ እንዳልኩት አትጠይቂኝ፤ ማቀዝቀዣው ውስጥ ቆሜ ጮክ ብዬ እለዋለሁ፣ ትንፋሼ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ግን ያንን ስጽፍ ምን እንደማለት አውቅ ነበር፤ ቀዩም በትክክል ነው ያነበበው። ገንዘቡንም ለምን እንደላክሁለት ሁለታችንም እናውቃለን። ጉልበቱን ሲመቱት አልነካሁትም ማለቱን ካነበብኩ ጀምሮ መንጠቆው ላይ የተሰቀለውን ማየት አቅቶኛል። ባለፈው ሰኞ መጋዙን አስቀምጬ ወጣሁ። አለቃው ከኋላዬ ጮኸ፤ አልዞርኩም።

ቀዩ ስለ እኔ አፉን ዘግቶ እየማቀቀ ነው። ሎጋው ዓይኑን ከፍሎ ተናግሯል። እኔ ባሕር ማዶ ተቀምጬ ሁለቱ የእኔን ድርሻ እንዲሸከሙ አድርጌ እንዴት ልኑር?

ስለዚህ እመጣለሁ። ቲኬት ቆርጫለሁ፤ በሐምሌ ማለቂያ ላይ ነው። ማደሪያ አታዘጋጂልኝ፤ ከአውቶቡስ እንደወረድኩ ቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ነው የምገባው። ሊቀበለኝ የሚመጣ ሰው አይኑር።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ለባለወፍጮዋ አንቺ ንገሪያት። ከሌላ ሰው አትስማው። ለእሷ ልጽፍ ብዬ ብዕር ይዤ ነበር፤ ምን ብዬ እንደምጠራት አጣሁ።

ታናሽሽ

ሐምሌ 17

ለአጎቴ ልጅ፤

መንገድህ ይቅናልህ። ከዚህ በፊት ቀናኝ ያልከው መንገድ ወዴት እንደወሰደህ እያየሁ ነው እንዲህ የምልህ፤ ይሄኛው ግን ይቅናህ።

እስር ቤት ሄጄ ሎጋውን ጠይቄዋለሁ። ፍርዱ ገና ነው። ለታመሙት እስረኞች ውሃ ይቀዳል፤ በአንድ ዓይን ማፍሰስ እንዳይበዛበት ጣቱን ማሰሮው አፍ ላይ እያደረገ ይለካል። እንደምትመጣ ነገርኩት። «ከእኔ ጋር አንድ ክፍል እንዳያስገቡት በያቸው፤ ፊቴን ማየት ይከብደዋል» አለኝ።

ባለወፍጮዋ ዘንድ ሄጄ ነበር። ወፍጮውን አሁን እሷው ናት የምታሠራው። እህል ወደ አፉ እየጨመረች ሳለ በሩ ላይ ቆምኩ። ልነግርሽ የመጣሁት ነገር አለ አልኳት፤ አልሰማችም። ቀርቤ ጆሮዋ ላይ ደገምኩት። ሞተሩን አጠፋች። ቀበቶው ዞሮ ዞሮ እስኪቆም ጠበቀችና «ተናገሪ» አለችኝ።

ነገርኳት። ስለ ቀዩ፣ ስለ ገንዘቡ፣ ስለዚያች አንድ መስመር። መስመሯን ድገሚልኝ አለችኝ። ወንድሜ ተኝቶ እሱ አይፍጭ ብዬ ደገምኩላት። እጇን ወፍጮው አፍ ላይ አድርጋ እንደ ከብት ግንባር ዳበሰችው። ልጇ ይሠራበት የነበረውን መጥረጊያ ከግድግዳው አውርዳ፣ የፈሰሰውን ዱቄት ጥግ ድረስ ጠረገች። እኔ ቆሜ ጠበቅኩ። ልትመታኝ ትችላለች ብዬ አስቤ ነበር፤ ብትመታኝም አልሸሽም ነበር።

ጠርጋ ስትጨርስ መልሷን ነገረችኝ። እንዳለችው ነው የምጽፍልህ፤ አልጨመርኩም፣ አላጎደልኩም።

«ፖሊስ ጣቢያ ከመግባቱ በፊት እዚህ ይግባ። መጀመሪያ ለእኔ ይንገረኝ። ልጆቼን አስወጥቼ ብቻዬን እጠብቀዋለሁ። በሩ ክፍት ነው።»

ይህንን ስትል ፊቷን አየሁት። የሰው ፊት አይቶ ማወቅ ሥራዬ ነው፤ በር ላይ ቆሜ ማን ሊያለቅስ፣ ማን ሊጣላ እንደመጣ እለያለሁ። የእሷን ግን መለየት አልቻልኩም። ምሕረት ይሁን ሌላ ነገር አላወቅሁም፤ እሷም ያወቀች አይመስለኝም።

ሂድ ወይም አትሂድ ብዬ ልመክርህ ተቀምጬ ነበር። አንዴ ዝም ብዬ ሰው አስገድያለሁ፤ አሁን ተናግሬ አንተን ባስገድልስ ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ብቻዋን የምትጠብቀውን ሴት አሰብኩ።

አውቶቡሱ ከሰዓት ነው የሚገባው። ወደ ወፍጮ ቤቱ የሚወስደው ከመውረጃው በስተግራ ያለው መንገድ ነው።

እትዬህ